ሁለቱ የመዳብ ቀለበቶች

ጥር 9

ለጥርስ ሐኪሙ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ እርስዎ ግን ያለ ሰላምታ ስለጻፉልኝ እኔም ብድር መላሽ ነኝ። ስለ እጅዎም አልጠይቅም። ብጠይቅ ማሾፍ ይመስልብኛል፤ ባልጠይቅ ደግሞ አረመኔነቴን ለሚስቴ ይጽፉላታል። ከሁለቱ አለመጠየቁን መርጫለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱ ይኸው። አዎ፣ ሞተሯን የነካኋት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሜዳው ላይ፣ የሞዴል አውሮፕላን ክበቡ አባላት ሁሉ ቆመው እየሰሙ ተናግሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ። ከክዳኑ ሥር ካሉት ስስ የመዳብ ቀለበቶች አንዷን አወጣሁ። ክዳኑ ወደ ፒስተኑ ሲቀርብ እመቃው ጨመረ። የጭስ መውጫውን መስኮት አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ሞረድኩት። ማርሚታውንም ትንሽ አሳጠርኩ። ለእርስዎ አልተናገርኩም። ለአዲስ አባላት በሚያዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥ “መደረግ የሌለበት” የሚል ምዕራፍ አለ ብለውኛል። ቅጽል ስሜን ያስገቡበት። “ሞረድ” ነው፤ ያወጡልኝም እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ብቻ። እህትዎ ስለሆነች ለሚስቴ መጻፍ መብትዎ ነው። ነገር ግን “ያን ሰው ተይው፣ እጄን የበላ ሰው ቤትሽንም ይበላዋል” የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከምትሠራበት መነጽር ቤት ተመልሳ እህል አትቀምስም። እኔን መምታት ከፈለጉ አድራሻዬ ይኸው ፖስታው ላይ አለ። በእሷ በኩል አይዙሩ።

የቶርኖ ቤቱ ሰው


ጥር 21

ለቶርኖ ቤቱ ሰው፣

ፊደሎቹ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ቢንሻፈፉብዎት በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኙ ብዕር አይጨብጥም። ኩባያ ይይዛል፤ ከተመቸው የበር እጀታ ያዞራል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አፍ ውስጥ የሠራ እጅ ዛሬ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ውስጥ የፕላስቲክ መንጋጋ ላይ “እዚህ ጋ ነው” እያለ ለተማሪዎች ይጠቁማል። ስላልጠየቁኝ ነው የነገርኩዎት።

መጽሐፉ ያለ መዝገብ አይጻፍምና የማውቀውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን አበረርን። እኔ በጥርስ መቦርቦሪያዬ የሞተሮቹን ጠባብ ቦዮች አጸዳ ነበር፤ እርስዎ በቶርኖ ፒስተን ያስተካክሉ ነበር። ክበቡ ውስጥ “ጉጠትና ሞረድ” ይሉን ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ከከተማ ስወጣ ባለ ሁለት ምቷን ስድስት ተኩል ሲሲ ሞተሬን ኩሽኔታዋን እንዲቀይሩልኝ ትቼልዎት ሄድኩ። ኩሽኔታዋን ብቻ! በውድድሩ ማለዳ ተመልሼ ከእርስዎ ተረከብኳት፣ አውሮፕላኑ ላይ ገጠምኳት፣ አስነሳሁ። በደቂቃ አሥራ አራት ሺህ ዙር የምትዞር ሞተር አሥራ ዘጠኝ ሺህ ላይ ጮኸች። ነዳጇን ላስተካክል እጄን ወደ ነዳጅ መርፌዋ ዘረጋሁ። ውልብልቢቱ ተሰበረ። የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ጅማት ተቆረጠ። “ማነው የነካት?” ስል “እኔ” አሉ። የማውቀው ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ የማላውቀውን ልንገርዎት። አንድ ቀለበት ማውጣትና አንድ ሚሊሜትር መሞረድ አምስት ሺህ ዙር አይጨምርም። ሁለት ሺህ ቢጨምር ነው። ወይ ልኩን ረስተውታል፣ ወይ እየዋሹኝ ነው። ሞተሯ የእኔ ናት፤ ይላኩልኝ።

እህቴ ከቤትዎ መውጣቷን ከራሷ ሰማሁ። ከመነጽር ቤቱ ጀርባ ክፍል መከራየቷንም ነግራኛለች። ለአንድ ሰው እንኳን ምክሬ ጠቅሞ ማየት ደስ ይላል።

ሐኪሙ


የካቲት 2

ለሐኪሙ፣

ሞተሯን በሳጥን ልኬያለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልፈታትም። የውልብልቢቱ ጉማጅም አብሮ አለ። ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ኋላ “ይየው” አልኩ።

ስለ ክፍሏ ጽፈውልኛል። አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነው የሚይዘው። የወጣችው ተጣልተን አይደለም። ልብሷን ስታጣጥፍ አጠገቧ ቆሜ አብሬያት አጣጠፍኩ፤ ሻንጣዋንም እስከ በሩ ተሸከምኩላት። ይህ ለእርስዎ ድል ከሆነ ይደሰቱበት።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

የቶርኖ ቤቱ ሰው


የካቲት 19

ለቶርኖ ቤቱ ሰው፣

ሳጥኑ ደረሰ። ሞተሯን ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር ፈታኋት፤ እነሱ ካቻቪቴውን ያዙ፣ እኔ ምላሴን። ያየሁትን እነሆ።

ከክዳኑ ሥር የወጣችው ቀለበት አንድ አይደለችም፤ ሁለት ናቸው። የጭስ መውጫው መስኮት የተነሣው አንድ ሚሊሜትር ሳይሆን አንድ ነጥብ ስድስት ነው። ያውም ዝም ብሎ ወደ ላይ አልተነሣም፤ የፒስተኑ ቀለበት እንዳይነክስ የላይኛው ጠርዙ እንደ ቅንድብ ቀስት ተደርጎ ጎብጧል። ነዳጁና አየሩ የሚያልፉባቸው ሁለቱ ቦዮች ማዕዘናቸው ተወግዶ ውስጣቸው እንደ መስታወት ተወልውሏል። የእኔን ፊት አየሁበት! ማርሚታው ደግሞ አላጠረም። እንዲያውም የአንድ ጣት ያህል ረዝሟል።

እንግዲህ ይንገሩኝ፤ የራሱን ሥራ ልክ በአራት ነጥብ ተሳስቶ የሚናገር የእጅ ባለሙያ አይተው ያውቃሉ? እርስዎ የነኩት ብረት ላይ የሞረድ ጥርስ አይጠፋም፤ ስምዎም የወጣው ከዚያ ነው። ይሄ የእርስዎ እጅ አይደለም። የእኔም አይደለም፤ እኔ በደህና እጄ ዘመን እንኳ እንዲህ አልሠራሁም። ይህን ያልኩት ለሙገሳ አይደለም። ያለ ፈቃዴ የተሠራ ጥሩ ሥራ ከመጥፎ ሥራ የባሰ ወንጀል ነው።

ሞተሬን ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተዋል። ማነው? በጽሑፍ እፈልጋለሁ። አለዚያ ለክበቡ ሊቀመንበር እጽፋለሁ።

ሐኪሙ


የካቲት 27

ለሐኪሙ፣

አልነግርዎትም። ሆድ ይፍጀው።

ለሊቀመንበሩ ይጻፉ። ምን ያደርገኛል? ሜዳው እንዳልደርስ አግዶኛል፤ ጥላዬንም ያግደው? ለአራት ዓመት እሑድ እሑድ የሞዴሎቹን ድምፅ ከቶርኖ ቤቴ በር ላይ ሆኜ ነው የምሰማው። የማን ሞተር ነዳጅ እንደበዛበት፣ የማን እንደሳሳበት በድምፁ እለያለሁ። ወንበር አውጥቼ እሰማለሁ። ቅጣት ከሆነ ይሄ ይበቃል።

አንተ ግን ይሄን ሁሉ ልክ ስትለካ አንድ ነገር ዘለልክ። አዎ፣ “አንተ” ብያለሁ፤ እርስዎ ማለት ሰለቸኝ፤ ከአፌ ሲወጣ እንደ አሸዋ ይቆረቁረኛል። ጉማጁን ልኬልህ ነበር። ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፍክም። ውልብልቢቱን ማን እንደሰቀለው እኔ ጠይቄህ አላውቅም። አንድም ቀን! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል።

ሞረድ


መጋቢት 6

ለአንተ፣

አንቱታው ከቀረ ይቅር። እኔም “አንተ” እላለሁ።

እጁን ያጣ ሰው ላይ ጣት የምትቀስረው በየትኛው ዓይንህ ነው? ዓይንህን ግንባር ያድርገው። አንተ ሞተሬን እኔ የማላውቀው ሰው እንዲበረብራት ስትሰጥ፣ ያንንም ደብቀህ ለአራት ዓመት በእህቴ ማዕድ ስትበላ፣ እኔ ደግሞ ስለ ውልብልቢት መልስ ልስጥ?

የምትሸሽገውን ሰው አሁን ደረስኩበት መሰለኝ። እንዲህ የሚወለውል ሰው ከተማችሁ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ በየውድድሩ የሚረታን የሬዲዮ ጠጋኝ። ለእሱ ነው የሰጠኸው። ሊያሸንፈኝ ሳይሆን ሊያጠፋኝ፣ አንተም እያወቅህ። ይህንን ለእህቴ እነግራታለሁ፤ በስልክ ሳይሆን በአካል። የፍቺውን ወረቀት የሚያዘጋጅ ጠበቃ ይዤ እመጣለሁ። “ልብሷን አብሬ አጣጠፍኩ” ያልከኝን ይዘህ ቁጭ በል። እኔ የቀረውን አጣጥፌ እወስድልሃለሁ።

ሐኪሙ


መጋቢት 14

ለሐኪሙ፣

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥተሃል። የሬዲዮ ጠጋኙ ሞተርህን አይቷትም አያውቅ። ምንም የማያውቅ ሰው ስም አታንሣ። በተለይ እሷ ፊት አታንሣ፤ ትሰበራለች። ስለዚህ የማልሁትን መሐላ አፍርሼ እነግርሃለሁ። አንብበህ ስትጨርስ እንደ ልማድህ ብትሳደብ ግድ የለኝም።

ሞተሯን የሠራችው እህትህ ናት።

ቁጭ ብለህ አንብብ። አንድ እሑድ አንተ ቤት ምሳ በልተን፣ ሞተሯ ጋዜጣ ላይ ተበትና፣ ሁለታችን ቦዩን ስንፈትሽ አስታውስ። እሷ ከኋላችን ቆማ “ጋዙ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ አይንገዋለልም? ዳሩን አለስልሳችሁ ብታጎብጡትስ?” አለች። አንተ ቀና ሳትል “አንቺ መነጽርሽን ወልውይ” አልካት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ስለዚህ አንተን ብቻ አልከስም። እሷም ፈገግ ብላ ሳህኖቹን አነሣች። በሳምንቱ ግን ትራስጌዋ ላይ ደብተር አየሁ፤ የሲሊንደር ሥዕል፣ የዲግሪ ቁጥር፣ የማርሚታ ርዝመት።

አንተ ለሥልጠና ስትሄድ ሞተሯ እኔ ጋ ቀረች። በነጋታው ከመነጽር ቤት በአሥር ሰዓት ተኩል ወጥታ በቀጥታ ቶርኖ ቤት መጣች። ሽርጧን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠለቀች።

“ሞርሳውን ልቀቅልኝ” አለችኝ።

“ምን ልታደርጊ?”

“ልወለውል።”

ወረቀት በቀጭኑ ቆርጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጠቅልላ አስገባች፣ የመስኮቶቹን ቅርጽ በእርሳስ ቀዳች፣ አውጥታ ዘርግታ ለካች። መነጽር የሚወለወልበትን ያን ቀይ የማለስለሻ ዱቄት ከሥራ ቦታዋ ይዛ መጥታ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት። እኔ የሠራሁት ኩሽኔታውን መቀየርና ማርሚታውን መበየድ ብቻ ነው። እሷ “ይርዘም” ስትለኝ “ያጥራል እንጂ” ብዬ ተከራከርኳት። ለዚህ ነው በደብዳቤዬ የተሳሳትኩት፤ እኔ እንደማስበው ነገርኩህ፣ እሷ እንደሠራችው አይደለም።

“ወንድምሽ ቢቆጣስ?” አልኳት።

“ስትበር ያያታል። ያየ አይቆጣም” አለች። “ማን እንደሠራት አትንገረው። መጀመሪያ ‘ጎበዝ’ ይበል፤ ከዚያ እኔ እነግረዋለሁ።”

ግዴለሽም አልነበረችም። “አሮጌው ውልብልቢት ይህን ዙር አይችልም” ብላ አዲስ፣ ጠንካራ፣ አጠር ያለ ውልብልቢት መርጣ ሚዛኑን ራሷ አስተካክላ ከሞተሯ ጋር አሰረችው። በውድድሩ ማለዳ ሳስረክብህ ምን አልኩህ? “አዲሱን ስቀል፤ አሮጌው ጥሩ አይደለም” አልኩህ። አንተስ? “ዕድለኛዬን አልቀይርም” ብለህ ያን ሥሩ ተሰንጥቆ በሙጫ የያዝከውን ሰቀልከው። የላክሁልህ ጉማጅ ላይ ሙጫው አሁንም ይታያል። “ይሄ ሞተር የቀድሞው አይደለም” ብዬ በግልጽ ብነግርህ ኖሮ ምናልባት ትሰማኝ ነበር። አልነገርኩህም፤ ቃል ገብቼላት ነበር። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ እሱን አልክድም።

የቀረውን ታውቃለህ፤ አንዱን ብቻ አታውቅም። ደምህ እየፈሰሰ “ማነው የነካት? ማነው?” እያልክ ስትጮህ እሷ አጠገብህ ተንበርክካ ክንድህን በሽርጧ አስራ ይዛ ነበር። አፏን ስትከፍት አየሁ። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ቀደምኳት። “እኔ ነኝ” አልኩ።

አስቤ አይደለም። ሳላስብ ነው የወጣኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ “ለምን?” አለችኝ። “እኔን ቢጠላ ባዳ ነኝ፤ የእናትሽን ልጅ ግን ብታጪው ምትክ የለሽም” አልኳት። ከዚያ በኋላ ልትነግርህ ሦስት ጊዜ ተነሣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አንተ በጻፍክላት ቁጥር፣ እኔን በሰደብክ ቁጥር፣ ስድቡ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ እዚህ ቤት ግን ዳዋው ዝም ሲል አይጧ ናት የከሳችው። ስትወጣ ያለችኝ ይሄ ነው፤ “አንተን ባየሁ ቁጥር ዕዳዬን ነው የማየው። ደግነትህ አነቀኝ።”

ሚስቴን ያጣሁት በዚህ ነው። አሁን ጠበቃህን ይዘህ ና። ነገር ግን እንዳወቅህ አታሳያት። ይህን ብቻ ለምኜሃለሁ።

ሞረድ


ሚያዝያ 5

ለሞረድ፣

ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። የመጀመሪያው “ውሸታም” ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሳልጨርስ ሞተሯን እንደገና ፈታሁ። የክዳኑ ብሎን ጥርስ ውስጥ፣ መርፌ እንኳ በማይገባበት፣ ቀይ ዱቄት ነበር። በጥርስ መፈተሻ ጫፍ አወጣሁት። ያን ዱቄት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለን አባታችን የመነጽር መስታወት ሲያለሰልስ እሷ እግሩ ሥር ተቀምጣ ጣቷን ታቀላ ነበር።

“እንዳወቅህ አታሳያት” ብለኸኛል። አሳየኋት። ያንተ ልመና ለእኔ ሕግ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ያለ ጠበቃ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ፊቷ ተቀምጠው የክፈፋቸውን ጆሮ እያስተካከለች ነበር። እኔን አይታ አልቆመችም። እሳቸውን ጨርሳ፣ “ይጠብቃል ወይስ ላላ?” ብላ ጠይቃ፣ በር ድረስ ሸኝታ ተመለሰች። ሞተሯን ባንኮው ላይ አስቀመጥኳት።

“ይህን የሠራው ሰው ጎበዝ ነው” አልኳት።

ፈገግ የምትል መስሎኝ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። “ነገረህ?” አለች።

“ነገረኝ።”

ባንኮውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር። ከዚያ “እጅህን በየት በኩል ነው የዘረጋኸው?” አለችኝ።

እንግዲህ ላንተም ልጻፈው፤ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላልኩትን። ነዳጅ የሚስተካከለው ከሞተሩ ጀርባ ቆሞ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ አባል የመጀመሪያ ቀን አስተምር የነበረው እሱን ነው፤ በመጽሐፌም የመጀመሪያው ገጽ እሱ ነው። ያን ቀን ግን ስለቸኮልኩ ከፊት ነበርኩ፤ እጄን በሚዞረው ውልብልቢት ላይ አሳልፌ ነው የዘረጋሁት። አሮጌውን ውልብልቢት የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። አዲሱን አየሁት፤ ማን እንደመረጠው ስላልገባኝ ናቅሁት። አንተ “እኔ ነኝ” ስትል እፎይ ነበር ያልኩት። እውነቱን ከፈለግህ ይኸው ነው። ጥፋቴን የሚሸከም ሰው ራሱ እጁን አወጣልኝ።

“ከፊት” አልኳት።

“አውቃለሁ። አይቻለሁ” አለች።

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ማን አስወርቶኝ!” አለችና ጨርቁን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት አልገባሁም። ሞተሯን ባንኮው ላይ ትቼላት ወጣሁ። ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ለሊቀመንበሩ ጽፌያለሁ። ውልብልቢቱ የእኔ፣ አቋቋሙም የእኔ እንደነበር፣ ሞተሩን ማን እንደሠራው ግን የሠራው ሰው ራሱ ከፈለገ እንደሚናገር ገልጬያለሁ። ይህን ያደረግሁት ለአንተ ብዬ አይደለም። ስሙን በፈቃዱ ጭቃ ውስጥ የጣለን ሰው የማጥብ እኔ አይደለሁም። እወቀው፤ አሁንም እጠላሃለሁ፤ አሁን የምጠላህ ግን በሌላ ምክንያት ነው። በትክክለኛው ሰው ላይ የምቆጣበትን አራት ዓመት ወስደህብኛል፤ ምናልባት ይቅር የምልበትንም።

ለእሷ ስለ አንተ ለጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ግን ጥፋተኛ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በግራ እጅ መጻፍ ቀላል አይደለም። ሁለት ጊዜ አታስጽፈኝ።

ጉጠት


ሚያዝያ 23

ለጉጠት፣

የሊቀመንበሩ ደብዳቤ መጣ። እገዳው ተነሥቷል ይላል፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። እስካሁን ወደ ሜዳው አልሄድኩም። እሑድ ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ እግሬ እንቢ አለኝ። ይቅርታ ስላልጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። እኔም አንተን አልወደድኩህም። “እፎይ አልኩ” ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ጊዜ ደብዳቤህን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። እህትህ ማክሰኞ ቶርኖ ቤት መጣች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ገበሬ የተሰበረ የፓምፕ ዘንግ አምጥቶ እያናገረኝ ነበር። እሷ ሰላም ብላው አልፋ ገባች፤ ሽርጧን አጠለቀች። ሞተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሞርሳው ላይ አሰረች። ሰውዬው “ሠራተኛ ቀጠርክ እንዴ?” አለኝ። “የለም፣ ባለሙያዋ እሷ ናት” አልኩት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሁለት ሰዓት ሠራች። አዲስ ክዳን ለመሥራት አንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ቶርኖውን ራሷ አስነሣች፤ ቢላውን ስታስጠጋ ልናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እኔ ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ምንም የማይሞረድ ብረት እሞርድ ነበር። ስትጨርስ እጇን በጋዝ ታጠበችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

“ለክበቡ ነገርኳቸው” አለች። “ቅዳሜ ሄጄ ሁሉም ባሉበት ነገርኳቸው። እኔ እንደሠራሁት፣ ወንድሜንም ሳላስጠነቅቀው እንደቀረሁ። ሊቀመንበሩ ‘እንግዲህ ተመዝገቢ’ አለኝ። ተመዘገብኩ።”

“ወንድምሽስ?” አልኳት።

“ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ።”

ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንተ ሳይሆን ለራሴ ነው ደስ ያለኝ። ለአንተ ይቅርታ ካለ ለእኔማ ሞልቶ ይፈስሳል ብዬ ነው። “እንግዲያው ወደ ቤትሽ...” ብዬ ጀመርኩ።

“አንተን ገና ነኝ” አለችኝ።

ብረቱ ከእጄ ወደቀ። “እኔን?” አልኳት። “እኔ ምን በደልኩሽ? ስድቡን የጠጣሁ እኔ፣ ከሜዳ የተባረርኩ እኔ! ለማን ብዬ ነው?”

አልጮኸችም። እንደ አንተ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። “እሱ የናቀኝ ሥራዬን ሳያይ ነው” አለች። “አንተ ሥራዬን አይተሃል፤ አሥራ ሁለት ቀን አጠገቤ ቆመህ አይተሃል። ያን ቀን መናገር እንደምችል ታውቅ ነበር። ‘እኔ ነኝ’ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከአፌ ነጠቅከኝ። ጥፋቱም የእኔ ነበር፣ ሥራውም የእኔ ነበር፤ ሁለቱንም ወሰድክ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ልናገር ስነሣ ሦስቱንም ጊዜ አስቀመጥከኝ። ሰው ሁሉ ደግ ባል አለሽ ቢለኝ እንኳ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።”

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው የኖርኩት። አራት ዓመት ሙሉ ራሴን በደግነቴ ሳባብል ነበር፤ አንተ በቁጣህ እንደኖርክ እኔም በዚያ ኖርኩ። እሷ ግን በሁለታችን መሃል በምን እንደኖረች አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም።

ሽርጧን አወለቀች። እዚያው ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም። “ክዳኑ አላለቀም፤ ሐሙስ እመጣለሁ” አለች። በሩ ላይ ስትደርስ “ማሽኑ ላይ ሥራ አትያዝበት” ብላኝ ሄደች።

ይህን የምጽፍልህ ምክር ፈልጌ አይደለም። የአንተን ምክር አራት ዓመት ቀምሼዋለሁ። ወንድሟ ስለሆንክና ያን ቀን አጠገቧ ስለነበርክ ነው። ገበሬውን ስለ ዘንጉ ለዓርብ ቀጥሬዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ቶርኖውን ባዶ አደርግላትና እኔ ከቤቱ እወጣለሁ። እንድቆይ ከፈለገች ትናገራለች፤ አፍ አላት።

ሞረድ